የታችኛውም ቤት ይለካ

ቤት በሚገምቱ ሰዎች ዘንድ እንደ ሃይማኖት የጸና አንድ አቋም አለ። ከመሬት በላይ ያለው ቤት ነው፣ ከመሬት በታች ያለው ማከማቻ ነው ይላሉ። የላዩ ካሬ ሙሉ ዋጋ ያወጣል፤ የታቹ ወይ በግማሽ ይያዛል፣ ወይ ከነጭራሹ ከስሌት ይወጣል። ለምን ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ዓለም አቀፍ አሠራር ነው»። ይህ አቋም ሜዳ ላይ ለተሠራ የአዲስ አበባ ቪላ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ላሊበላ ላይ ግን ስሕተት ነው። በዙሪያዋ ባለው በላስታ ተዳፋት ላይ ደግሞ ከስሕተትም ያልፋል፤ ሰው ከጉልበቱና ከጥሪቱ አውጥቶ የገነባውን ግማሽ ቤት በአንድ እስክሪብቶ ማፍረስ ነው።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ይዛ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሜዳ የሚባል ነገር አልተሰጣትም። የአንዱ ቤት ጣራ ከጎረቤቱ ደጃፍ ጋር እኩል ነው፤ በላይ በኩል ባለ አንድ ደርብ የሚመስለው ቤት ከታች ሲያዩት ባለ ሁለት ይሆናል። የአገሩ ግንበኛ ለዚህ መልክዓ ምድር ያገኘለት መልስ ያ ክብ የድንጋይ ቤት ነው። በቀይ ድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ባለ ሁለት ደርብ፣ ሣር ክዳን፣ ወደ ላይኛው ደርብ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ከውጭ የተለጠፈበት። በጥንቱ አኗኗር ታች ከብት፣ ላይ ሰው ያድርበታል። ተዳፋት ላይ ሲቆም የታችኛው ደርብ ጀርባውን ለአፈሩ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሸለቆው ይከፍታል። ዛሬ በብሎኬትና በቆርቆሮ የሚሠራውም ቢሆን ከዚህ አቀማመጥ አላመለጠም፤ ቁልቁለቱ ያው ነውና።

እንዲህ ያለ ቤት ለብድር ማስያዣ ሲገመት ቆሜ አይቻለሁ። ገማቹ ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ትሑት ልጅ፣ ሥራውንም የማይንቅ። በላይኛው መንገድ በኩል ገባ፣ ሜትሩን ዘረጋ፣ ርዝመትና ወርዱን መዘገበ። ሊወጣ ሲል የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ በጎን ባለው ደረጃ ወደ ታች ወሰዱት። ታች ሁለት አልጋ የተዘረጋበት ክፍልና ወጥ ቤት አለ። በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነው፤ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ የጠዋት ፀሐይ እስከ ወለሉ መሐል ገብታለች።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ቤዝመንት ነው» አላቸው።

«ምንድን ነው እሱ ልጄ?»

«ከመሬት በታች ማለት ነው። ጀርባው አፈር ነው።»

«ጀርባው አፈር ቢሆንስ? እኛ የምንገባ የምንወጣው በፊቱ አይደለም እንዴ?»

ልጁ ሣቀ። እሳቸውም ሣቁ። ወረቀቱ ላይ ግን «መጋዘን» ተብሎ ተጻፈ፤ የብድሩም መጠን በዚያው ልክ ወረደ።

ልጁን አልወቅስም። የተማረውን ነው የሠራው። የምወቅሰው የተማረውን ነው።

«ዓለም አቀፍ» የሚባለው አሠራር በጥብቅ መልኩ የሚገኘው በአሜሪካ ነው። እዚያ የመኖሪያ ቤት ስፋት የሚለካበት አንሲ ዜድ 765 የሚባል መለኪያ አለ። መጀመሪያ የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ሲሆን የ2021 እትሙን የቤት ብድር የሚገዛው ግዙፉ ድርጅት ፋኒ ሜ ከሚያዝያ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገማቾች እንዲከተሉት አስገድዷል። ቤቱ የሚለካው ከውጭ ነው። የጣራው ቁመት ቢያንስ 7 ጫማ፣ ማለትም 2.13 ሜትር መሆን አለበት። ስለ መሬት የሚለው ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፤ የአንድ ደርብ ጥቂቱ ክፍል እንኳ ከመሬት ወለል በታች ከሆነ ደርቡ በሙሉ «ከመሬት በታች» ተብሎ ይመዘገባል። በአንድ ጎኑ በር ኖሮት ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ ቢወጣበትም አይለወጥም። የእማማ ክፍል በዚህ መለኪያ ቤዝመንት ነው። እስከዚህ ድረስ ልጁ ልክ ነው።

ነገር ግን መለኪያው ዋጋ አያወጣም። «ለየብቻ መዝግብ» ነው የሚለው እንጂ «ግማሽ አድርገው» ወይም «ሰርዘው» የሚል ቃል አልወጣውም። ዋጋውን ገማቹ በአካባቢው ከተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች እንዲያወጣው ይተውለታል። አፈር ለብሰው ስለሚሠሩ ቤቶችም ፋኒ ሜ በር አልዘጋም፤ ከመሬት በላይ የሚባል ካሬ የሌለው ቤት ሲያጋጥም ገማቹ ምክንያቱን ጽፎ ከመለኪያው እንዲወጣ ይፈቅድለታል። እኛ ዘንድ የደረሰው እንግዲህ የመዝገብ አያያዝ ሥርዓቱ ሳይሆን አቧራው ነው። ለየብቻ የሚመዘገብበትን ዓምድ ትተን ንቀቱን ወሰድን።

ንቀቱስ ለአሜሪካኖቹ ከየት መጣ? ከብርድ ነው። በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል በክረምት መሬቱ ወደ ውስጥ ጠልቆ በረዶ ስለሚሆን የቤት መሠረት ከዚያ ጥልቀት በታች መውረድ አለበት፤ አለበለዚያ በረዶው ቤቱን ያነሣዋል። አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ መቆፈር ግዴታ ከሆነ ትንሽ ጨምሮ ሙሉ ክፍል ማውጣት ብዙ አያስወጣም። ማሞቂያው፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የተረሳው ሶፋ እዚያ ይከማቻል። ከላይ ያለው ደግሞ እንጨት ሆኖ ልስኑና መስኮቱ ነው ገንዘቡን የሚበላው። በዚያ አገር የታቹ ካሬ ከላዩ ካሬ ቢረክስ ምክንያት አለው። (በአሜሪካ የሚኖሩት የእኛዎቹ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድርያ ሰዎች ግን ቤዝመንትን አይንቁትም። ስንቱ ስደተኛ የመጀመሪያ ዓመታቱን ዘመድ ቤዝመንት ውስጥ አድሮ ነው ሰው የሆነው፤ ስንቱስ ባለቤት የቤዝመንቱን ኪራይ እየሰበሰበ ነው የባንክ ዕዳውን የከፈለው።)

ላስታ ውስጥ መሠረት የሚያነሣ በረዶ የለም። እዚህ የሚቆፍር ሰው የሚቆፍረው ቁልቁለቱ ስላስገደደው ነው፤ የሚቆፍረውም በዶማና በመዶሻ፣ ብዙ ጊዜ አለት ላይ ነው። የተቆፈረው ጀርባ እንዳይናድ የሚያቆመው ግድግዳ ከላይ የሚመጣውን የቤቱን ክብደት ብቻ ሳይሆን ከጎን የሚገፋውን አፈርና የክረምቱን ውኃም ይሸከማል። አሜሪካ ውስጥ በትርፍነት የሚገኘው ክፍል እዚህ የቤቱ ውዱ ክፍል ነው።

ቁጥር እናውጣለት። የውጭ ዲያሜትሩ 6 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤት ይኑር እንበል። ከውጭ ሲለካ አንዱ ደርብ 28.3 ካሬ ነው፤ ሁለቱ በድምሩ 56.5። ታችኛውን በግማሽ የሚይዝ ገማች 42.4 ካሬ ይጽፋል፤ የሚሰርዘው 28.3 ይጽፋል። አሁን ደግሞ ድንጋዩን እንቁጠረው። የታችኛው ደርብ ግድግዳ 2.2 ሜትር ቁመት ቢኖረው፣ በርና መስኮቱ ሳይቀነስ 22 ሜትር ኩብ ገደማ ግንብ ይወጣዋል። ላይኛው በዚያው ቁመት ቢሠራ የሚፈልገው ያንኑ ያህል ነው፤ ልዩነቱ ታችኛው በዚያ ላይ ቁፋሮውንና መሠረቱን መጨመሩ ነው። እና የትኛው ነው በግማሽ የሚያዘው? ብዙ የወጣበት!

እግረ መንገዴን ሌላም የማነሣው አለ። ያው ቤት ከውስጥ ቢለካ አንዱ ደርብ 18.1 ካሬ ብቻ ነው። ከ28ቱ ካሬ 10ሩ ድንጋይ ነው፣ ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ግድግዳው ከሳንቃና ከጂፕሰም በሆነበት አገር ከውጭም ለኩት ከውስጥ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የድንጋይ ቤት ባለበት አገር ሜትሩ የሚያዘው ከየት ነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን የቤቱን ዋጋ በሲሶ ያነሣል ይጥላል። ስለ መሬት መስመር የሚጨነቁት ገማቾች ስለዚህኛው ሲጨነቁ አላየሁም። አዲስ አበባ ላይ አፓርታማ የገዛ ሰው «ግሮስ» (ጠቅላላ) እና «ኔት» (የተጣራ) የሚባሉት ሁለት ካሬዎች እንዴት እንደሚያስለቅሱ ያውቃል፤ ላስታ ውስጥ ያንን ለቅሶ ያመጣው ሻጩ ሳይሆን የግድግዳው ውፍረት ነው።

ዋናው ሙግቴ ግን በሕጉ ላይ የቆመ ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ስለዚህ ባንክም ሆነ ማዘጋጃ ቤት ቤትን ሲገምት በዋናነት የሚገምተው ቦታውን ሳይሆን የቆመውን ግንባታ ነው። «የኢንጂነሪንግ ግምት» የሚባለው ይኸው ነው፤ ቤቱን ዛሬ እንደገና ለመሥራት ስንት ይፈጃል? ለልማት የሚነሣ ሰው ካሳም በዚሁ መንገድ ይሰላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 135 ለሕንፃ የሚከፈለው ካሳ ተመሳሳይ ሕንፃ ለመሥራት በሚያስፈልገው የወቅቱ የካሬ ሜትር ወይም የነጠላ ዋጋ እንዲሰላ ደነገገ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161ም ካሳው ንብረቱን በአዲስ መልክ ለመተካት የሚያስችል መሆን አለበት ይላል።

አሜሪካዊው ገማች የታቹን ካሬ ዋጋ የሚቀንሰው ገዢ ስለቀነሰው ነው። መነሻው ገበያ ነው። የእኛ ገማች መነሻው ወጪ ነው። በወጪ የሚገምት ሰው ከገበያ የተገኘ ቅናሽ ተውሶ ሲያስገባ ሁለት የግመታ መንገዶችን አደባልቆ ከሁለቱም ለባለቤቱ የሚከፋውን ይመርጣል። ቦታው ውብ ነው፣ ቱሪስት ያየዋል፣ ቅድስት ከተማ ናት ሲሉት «እኔ ግንባታ ነው የምገምተው» ይላል። እሺ፣ ታችኛውም ግንባታ ነው ሲሉት «ገበያው አይፈልገውም» ይላል። አንዱን ይምረጥ።

ደግሞ ያው የ1999ኙ ደንብ የሴፕቲክ ታንክ ወጪ በካሳው ውስጥ እንዲታሰብ ይፈቅድ ነበር። ሴፕቲክ ታንክ መቼም ከመሬት በላይ የሚሠራ ነገር አይደለም! የፍሳሽ ጉድጓድ ሙሉ ወጪው ሲታሰብለት ልጆች የሚተኙበት ክፍል በግማሽ የሚያዝበት አገር የሕጉ አገር አይደለም፤ የገማቹ ልማድ አገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን የባለ መሬቱን መብት ከገጽታው ላይ አላቆመውም፤ ለመሬቱ አጠቃቀም አስፈላጊ እስከሆነው ጥልቀት ድረስ ወደ ታች ይወርዳል ይላል።

ከወዲያ በኩል የሚነሡት ክርክሮች ሁሉ ከንቱ አይደሉም። አንዳንዶቹን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሰው ለካሳ ብሎ ጓዳውን እየቆፈረ ካሬ ያበዛል ይባላል፤ የማስነሻ ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ ለተሠራ ግንባታ ካሳ እንደማይከፈል ሕጉ ቀድሞ ደንግጎታል። ባንክ ቤቶችን ለማወዳደር ወጥ ዓምድ ይፈልጋል ይባላል፤ ይፈልግ፣ ዓምዱን ለየብቻ ያድርገው፣ ተቃውሞዬ በዓምዱ ላይ አይደለም።

ታችኛው ክፍል ይረጥባል፣ ይጨልማል የሚለው ክርክር ግን ቀልድ አይደለም። ጀርባውን አፈር የነካው ግድግዳ ክረምት ላይ ያልባል፤ ጭቃው ይላላል፤ እህል ይሻግታል። ነገር ግን እርጥበት የሚገባው አፈር ስለነካ ብቻ አይደለም፤ ውኃው መሄጃ ስላጣ ነው። ይህንን ለመማር ከላሊበላ መውጣት አያስፈልግም። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከመሬት ወለል በታች ተፈልፍለው ስምንት መቶ ዓመት የቆዩት ውኃው የሚወርድባቸው ቦዮች አብረው ስለተፈለፈሉ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን እዩት፤ 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች ወርዶ ጣራው ከሚቆሙበት መሬት ጋር እኩል ነው። በዜድ 765 ቢለካ ከመሬት በላይ ያለው ስፋት ዜሮ ካሬ ነው። ቤተ ክርስቲያን መኖሪያ ቤት አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን የመሬት መስመሩ ስለ ቤቱ ምን ያህል ጥቂት እንደሚናገር ያሳያል። አብያተ ክርስቲያናቱን የጎዳውስ የቱ ውኃ ነው? በጣራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እነዚያ ብዙ የተወራባቸው መጠለያዎች የተተከሉት ከላይ ለመከለል ነው እንጂ ከታች ለመከላከል አይደለም።

ስለዚህ ግድግዳው የሚያልብ ከሆነ ስለሚያልበው ይቀነስ። ከጀርባው ቦይ አለው? ድንጋዩ ደርቋል? መሐንዲሱ እጁን አስነክቶ ይጻፈው። ላይኛውም ደርብ ሣሩ አርጅቶ ሲያንጠባጥብ እኮ «ከመሬት በላይ ነው» ተብሎ ሙሉ ዋጋ ይሰጠዋል። ጨለማውም እንዲሁ ነው። በሩና መስኮቱ ወደ ሸለቆው የሆነ ታችኛ ክፍል፣ አንዲት ጠባብ መስኮት ካለችው ላይኛ ክፍል የበለጠ ብርሃን ያገኛል። የላሊበላን ሆቴል ሠሪዎች ጠይቋቸው። ገደል አፋፍ ላይ የተሠሩት ሆቴሎች እንግዳ መቀበያቸው መንገዱ ላይ ሆኖ ክፍሎቻቸው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እንግዳ የሚሻማባቸው ሸለቆውን ፊት ለፊት የሚያዩት ክፍሎች ናቸው። ኮሮናው፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም የአማራ ክልሉ ግጭት እንግዳውን ካስቀረባቸው ወዲህ ብዙዎቹ ባለቤቶች ከዕዳቸው ጋር ተፋጠው ነው ያሉት። ሆቴላቸው ለማስያዣነት ሲገመት ምርጥ ክፍላቸው «ቤዝመንት» ከተባለ ምን ይበሉ?

ከሁሉ የከበደው ክርክር የከብቱ ነው። የላስታ ቤት ታችኛው ደርብ ጋጥ ነው፣ ጋጥ እንዴት እንደ መኖሪያ ይቆጠራል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ በሬ የሚያድርበትን መኝታ ቤት በሉልኝ አልልም። ግን የካሳ ሕጉ የሚጠይቀው «ማን ያድርበታል» ብሎ አይደለም፤ «ለመተካት ስንት ይፈጃል» ብሎ ነው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች በዓለም ባንክ በተደገፈው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ዘመን ተነሥተው ኩራኩር ወደሚባለው ሰፈር ሄደዋል። እንዲህ የሚነሣን ሰው እናስበው። በአሮጌው ቤቱ አንድ ክዳን ሰውን፣ ከብትንና እህልን ይሸፍን ነበር፤ የከብቱ ትንፋሽ በደጋ ሌሊት ወለሉን ያሞቅለት ነበር። በአዲሱ ቦታ ያው ኑሮ ሦስት ቤት ይፈልጋል፤ አንድ ለሰው፣ አንድ በረት፣ አንድ ማከማቻ፣ ከነሦስት ክዳናቸው። ታችኛው ደርብ «ጋጥ ነው» ተብሎ የተቀነሰበት ሰው በረቱን በምን ይሥራው? የሚያስገርመው ደግሞ ነዋሪዎቹ የለቀቋቸው አንዳንድ ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶች ዛሬም ለቅርስነት ቆመው መታየታቸው ነው። ጎብኚ ሲመጣ ታችኛውም ደርብ ቅርስ ነው፤ ግማሽ ቅርስ ያለው የለም።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ገማች ቤቱን በላይኛው መንገድ ብቻ ገብቶ አይውጣ፤ ይዙረው። ከታችኛው ደርብ ዙሪያ ምን ያህሉ አፈር እንደነካ በሜትር ይጻፍ። የራሱ በር አለው? መስኮቱ ወዴት ያያል? ቁመቱ ስንት ነው? ግድግዳው ደረቅ ነው? ማን ወይም ምን ያድርበታል? ከዚያ የድንጋዩ፣ የቁፋሮውና የድጋፍ ግንቡ ወጪ በአካባቢው ዋጋ ይቆጠር። ሜትሩ ከውጭ ይሁን ከውስጥ በቅጹ አናት ላይ ይጻፍ። ይህንን ሁሉ ለመሙላት ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ጊዜውም አሁን ነው። በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ክልሎችና ከተሞች ቤት መለካት ሊጀምሩ ነው፤ ቅጽ ይታተማል፣ ገማች ይሠለጥናል። ያን ቅጽ ለሜዳ ከተማ ተዘጋጅቶ ለላሊበላ በፖስታ የሚላክ ካደረጉት ሌላ ሃምሳ ዓመት ከእሱ ጋር እንኖራለን። ባለቤቶችንም የምላቸው አለኝ፤ ታችኛው ቤት ለካሳና ለብድር ሙሉ ይቆጠርልኝ ያለ ሰው ግብር ሲመጣ «ኧረ እሱ ጋጥ ነው» ማለት አይችልም። መንግሥትም እንዲሁ። ለግብር የተለካው ካሬ ስንት እንደሆነ በባለቤቱ እጅ ባለው ደረሰኝ ላይ ይጻፍ፤ ቤቱ ለመንገድ ወይም ለቱሪዝም ሲነሣ ካሳው ከዚያ ካሬ ባነሰ እንዳይሰላ በደንቡ ውስጥ ይግባ። የአማራ ክልል ይህችን አንዲት አንቀጽ ከግብሩ ተመን በፊት ያውጣት።